ለእማዬ፦ የእቁቡ ብር ለጥርስሽ ነው

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎናል። እኔ ደህና ነኝ። በርበሬው ብቻ አልቋል።

እህቴ ሚጡ ሁሉንም ነግራኛለች። እንዳትቆጫት። እቁቡ ደርሶሽ ብሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል አሉ። እኔ ለጥርስሽ ብዬ የላክሁትንም እዚያው ላይ ጨምረሽ፣ «የሚጡ ትኬት ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ብለሻል። በግራ በኩል ብቻ እንደምታኝኪም ሰምቻለሁ። ቆሎ ከተውሽ ወራት ሆኖሻል። ስደውል ግን «ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ ጠግበህ ብላ» ነው መልስሽ። ጥርስ የሌላት እናት ልጇን ጠግበህ ብላ ስትል ምን ይባላል?

መጀመሪያ የትኬቱን ነገር እንጨርስ። ስጋትሽ ልክ ነው። ሚጡም እንደ እኔ ያገኘችው የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል፣ የኪስ ገንዘብና ማደሪያ ይሰጣል፣ የጤና መድኅንም አለው። የአውሮፕላን ግን የለውም። በእኔ ጊዜ ይህን ዘግይተን አወቅንና የሰርግ ሀብልሽን ሸጥሽው። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። አሁን ደግሞ ለሚጡ የሚሸጥ ነገር ስላጣሽ ጥርስሽን ልትሸጪላት ነው። እኔ እያለሁ አይሆንም። ትኬቱን ቆርጫለሁ። በጳጉሜን ትበራለች። የምትማርበት ከተማ ደብረጸን ይባላል። ስሙን ሰምተሽ ገዳም እንዳይመስልሽ፣ ስለት ተሳይተሽ እንዳትልኪያት።

አሁን ደግሞ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ያቺ የታችኛዋ መንጋጋዬ ትዝ ትልሻለች? ቅርንፉድ አድርገሽባት የምታስተኚኝ? ቅርንፉዱ ውሸት አልነበረም። ውስጡ ኢውጂኖል የሚባል ዘይት አለው፣ በእውነት ያደነዝዛል፣ የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ችግሩ ሕመሙ ሲተኛ ጉድጓዱ መቆፈሩን አያቆምም። ለስኮላርሺፑ የጤና ምስክር ወረቀት ስጠየቅ ለኤች አይ ቪና ለጉበት ደሜ ተመረመረ። አፍህን ክፈት ያለኝ ግን የለም። እኔም መንጋጋዬን ይዤ ተሳፈርኩ።

በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ ፊቴ እንደ ዱባ አበጠ። «ካሜራው ተበላሽቷል» ብዬ ለሁለት ሳምንት በድምፅ ብቻ የደወልኩልሽ ያኔ ነው።

የሚገርመው ደግሞ የት ሆኜ እንደታመምኩ ነው። ስሟን ሞሾንማጃሮቫር ስልሽ «ተወው ልጄ» ያልሽኝ ይህች ከተማ 30 ሺህ ምናምን ሰው ነው ያላት። እኔ የምማርበት የግብርና ትምህርት ቤት በ1818 የተመሠረተ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። ከተማዋን ግን ሰው የሚያውቃት በጥርስ ሐኪሞቿ ነው። እኛ ዘንድ ፀጉር ቤት እንደሚደረደረው እዚህ የጥርስ ክሊኒክ ተደርድሯል። የኦስትሪያ ድንበር አጠገብ ናት፣ ቪየና በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እነሱ ዘንድ ጥርስ ማሳከም ውድ ስለሆነ ጡረተኞቹ ጠዋት ይመጣሉ። ጥርሳቸውን ያሠራሉ፣ ፀጉራቸውን ይስተካከላሉ፣ ምሳ በልተው ይመለሳሉ። ማስታወቂያው በጀርመንኛ፣ ዋጋው በዩሮ ነው።

የእኔ የኪስ ገንዘብ ያኔ በወር 43,700 ፎሪንት ነበር። ወደ 110 ዩሮ ማለት ነው። በመድኅኑ ማስነቀል እችል ነበር። ጥርሷን ለማትረፍ ግን፣ ለነርቭ ሕክምናውና ለሽፋኑ፣ ከሦስት ወር አበሌ በላይ ተጠየቅሁ። ንቀሉልኝ ልል ነበር። ቡዳፔስት ያሉ የሐበሻ ልጆች ናቸው አዋጥተው ያዳኑኝ። እዳውን እስከ ፋሲካ ከፍዬ ጨረስሁ፣ አትጨነቂ። ፉልብራይት የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቶ የሄደው ጓደኛዬም ቢሆን ኢንሹራንሱ ለመደበኛ የጥርስ ምርመራ እንደማይከፍል ያወቀው ከሄደ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ግን ለሌላ ነገር ብዬ ነው። ሐኪሟ አፌን ከፍታ ስታይ የፊት ጥርሶቼን ቀለም አየች። «ሲጋራ ታጨሳለህ?» አለችኝ። አላጨስም አልኳት። «ቡና ታበዛለህ?» ሐበሻ ነኝ፣ አዎ፣ ግን እሱ አይደለም አልኳት። ከዚያ የት እንዳደግሁ ጠየቀችኝ። ስምጥ ሸለቆ ስላት ራሷን ነቀነቀች። «በቃ፣ ውሃው ነው» አለች።

እማዬ፣ በጥርሴ ስንት ጊዜ ነው የተቆጣሽኝ? በከሰል ፈቅፍቀሽኛል። በጨው። በወይራ መፋቂያ ድዴ እስኪደማ ፍቄያለሁ። «እኔን አታይም?» እያልሽ ነጭ ጥርስሽን ታሳዪኝ ነበር። አንቺማ ያደግሽው መንዝ ነዋ! ወንጂ የመጣሽው አባዬን አግብተሽ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይዞ ነው የሚወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል፣ በእኛ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ጥርስ የሚያበላሸው ደግሞ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ። አንዴ ከበቀለ በኋላ ብትጠጪው አያቡንነውም። አንቺ ነጭ ሆነሽ እኛ ልጆችሽ ቡናማ የሆንነው ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ከሰል በከንቱ አለቀ።

ሲበዛ አጥንትም ያደርቃል ይላሉ። የአባዬ ወገብ አልታጠፍ ሲል የፋብሪካ ሥራ ነው እንል ነበር። አሁን ሳስበው እጠራጠራለሁ። ይሁን፣ እሱን ተይው።

ጎረቤት «የልጆቹ ጥርስ እንዲህ የሆነው እናትየው ችላ ብላ ነው» ሲል እንደሰማሽና ማጀት ገብተሽ እንዳለቀስሽ አውቃለሁ። በሩ ስር ነበርኩ። ያንቺ ጥፋት አልነበረም። ይህን ከሐኪሟ ወንበር ላይ ተነሥቼ ወዲያው ደውዬ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ፊቴ አብጦ ስለነበር አፈርኩ።

የዚያን ዕለት ስላንቺም ጠየቅኳት። እናቴ ጥርሷ ነጭ ነው፣ ጉድጓድ የለውም፣ ግን ድዷ ይደማል፣ ጥርሷ ይነቃነቃል አልኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስኳር አለባት?» ብላ ነው። ስኳር ድድን ይጎዳል፣ የቆሰለ ድድ ደግሞ ስኳሩ አልወርድ እንዲል ያደርጋል አለችኝ። ባለፈው መድኃኒት ተጨምሮልሽም አልወርድ ያለው ስኳርሽ ትዝ አለኝ። የወንጂ ሰው ስኳር ሲያመርት ኖሮ በስኳር ይታመማል፣ መቼስ ምን ይደረግ።

ስለዚህ ፍልሰታ ሳይገባ አዳማ ሂጂ። ባጃጁን እስከ ክሊኒኩ በር ተኮናተሪው፣ በጭቃ እንዳትሄጂ። ቁርስሽን በልተሽ፣ ኪኒንሽን ውጠሽ ሂጂ፣ ባዶ ሆድሽን ወንበሩ ላይ እንዳትቀመጪ። መድኃኒቶችሽን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ አሳዪያቸው። ስኳር እንዳለብሽ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው። መጀመሪያ ድድሽን ያጥቡልሽ። «ሁሉንም ንቀሉና ገላግሉኝ» እንዳትይ! አውቅሻለሁ። የሚተርፈውን ያትርፉ፣ የማይተርፈውን ይንቀሉ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ይተኩልሽ።

ሚጡም አብራሽ ትግባ። ጉድጓድ ካላት እዚያው ታስሞላ። ሸንኮራ በጥርሷ ስትልጥ ያደገች ልጅ ናት፣ ምንም የለብኝም ብትልሽ አትመኛት። ቀለሙን ግን አሁን አይንኩባት። ፓስፖርቷ ላይ አፏን ገጥማ ነው የተነሣችው፣ እንደ እኔው። እዚህ ስትመጣ አፏን በእጇ ሳትሸፍን እንድትስቅ አስተምራታለሁ። እኔም ገና እየተማርኩ ነው።

ቅዳሜ እደውላለሁ። የቀጠሮውን ቀን ትነግሪኛለሽ። እቁቡ ለትኬት ነው ብለሽ ለእቁብተኞቹ አውርተሽ ከሆነ ደግሞ አትፈሪ፣ አልዋሸሽም። የአዳማ ትኬት ነው በያቸው።

ልጅሽ