ወንድሜ አንቺን እየጠበቀ ነው

ጎንደር፣ የካቲት

ይድረስ ለእህት ዓለም፤

እንዴት ከርመሻል? ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ልጽፍልሽ ስነሳ እጄ ከበደኝ። የአባትሽ አርባ ላይ አልመጣሁም። ምክንያት አልደረድርም። ይቅር በይኝ፤ የቀረውን ስንገናኝ ፊት ለፊት እነግርሻለሁ።

የጻፍኩልሽ በታናሽ ወንድሜ ጉዳይ ነው። ያ ቀዥቃዣ፣ ደብተርሽ ላይ ፈረስ የሳለብሽ። ግንቦት ላይ አዘዞ መንገድ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ የግራ ቅልጥሙ ተሰበረ። ብረት ገባለት። ይኸው ዘጠኝ ወሩ፣ አጥንቱ ግን አልገጠመም። ባለፈው ሳምንት ራጁን ወደ መስኮት ይዤ አየሁት። ክፍተቱ እንደ በር ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሐኪሙ ከዳሌው አጥንት ወስደን ክፍተቱን እንሙላ፣ ብረቱንም እንቀይር አለ። እናቴ ወጌሻ ይየው ትላለች። እሱ ሁለቱንም እምቢ ብሏል። ለምን መሰለሽ? አንቺን፣ ላብራቶሪ ውስጥ በስቴም ሴል አጥንት ለማብቀል የምትሞክሪውን ስለሚጠብቅ።

ያን ቀን ቡና ላይ ያስረዳሽንን አልረሳውም። ስቴም ሴል ምን እንደሚሆን ገና ያልወሰነ መንገደኛ ነው አልሽ። አጥንት እንዲሆን ስንቅ፣ ማለት መድኃኒት ወይም ፕሮቲን፣ ያስፈልገዋል፤ ናኖ ቅንጣቷ ስንቁን የምትይዝ አገልግል ናት። እሱ "አገልግሏ ምን ታክላለች?" ሲልሽ ከራስሽ ላይ አንድ ፀጉር ነቅለሽ ሰጠሽው። ውፍረቱ 80,000 ናኖሜትር ግድም ነው፣ አገልግሏ 100 ወይም 200 ብቻ። ያቺን ፀጉር እስካሁን ደብተሩ ውስጥ አስቀምጧታል!

አሁን አልጋ ላይ ሆኖ ስልኩ ላይ ይህንኑ ያነባል። እኔም አብሬው ጀመርኩ። መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ዴክሳሜታሶን የሚባለው መድኃኒት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ስቴም ሴሉን ወደ አጥንት ሠሪነት ይገፋዋል። ሰው ለረጅም ጊዜ ሲወስደው ደግሞ አጥንት ያሳሳል። ያው አንዱ መድኃኒት! ለካ አገልግሏ ያስፈለገችው ለዚህ ነው። ስንቁ ሰውነቱን ሁሉ ሳያዳርስ፣ እዚያው ሴሉ ደጅ ላይ በትንሽ በትንሹ እንዲፈታ። አንዳንዷ አገልግል ራሷ ቀስ እያለች ትሟሟለች፤ ቁስል ተሰፍቶበት ቀልጦ የሚጠፋው ክር የዚያው ዘር ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

አጥንት ሥሩ እያለ ሴሎችን የሚያዘውን ፕሮቲን፣ የቢኤምፒውንም አነበብኩ። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ማርሻል ዩሪስት ማዕድኑ የወጣለት አጥንት እንስሳ ጡንቻ ውስጥ ቀብሮ አዲስ አጥንት እንደሚበቅል ያሳየበትን፣ በፈረንጆቹ 1965። በ2002 አሜሪካ ፕሮቲኑን ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ፈቀደች። በብዛት ሲሰጥ ግን እብጠት አመጣ፤ አጥንትም ባልተፈለገበት ቦታ በቀለ። ለእሱ ሁሉንም አነበብኩለት። የሰማው የሚወደውን ብቻ ነው። "የተሞከረባቸው ጥንቸሎች ድነዋል አይደል? እኔም እጠብቃለሁ" ይለኛል።

አሁን ደግሞ… እንዴት ልበልሽ። ይህን ተስፋ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት ሲያለቅስ ጨነቀኝና "እሷ ትደርስልሃለች" አልኩት። ሳላስፈቅድሽ በስምሽ ቃል ገባሁ። ሥራው አብዛኛው ገና አይጥና ጥንቸል ላይ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ካወቅኩ በኋላም ወዲያው አልነገርኩትም። ይህ ከአርባውም በላይ ይከብደኛል።

የገባኝን ልንገርሽ፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ከዳሌ የሚወሰደው አጥንት መቅኔው አብሮት አለ። ስቴም ሴሉ አለ፣ ማዕድኑ አለ፣ አጥንት ሥሩ የሚለው ፕሮቲንም አለ። እናንተ ላብራቶሪ ውስጥ የምትደክሙለት ነገር በገዛ ዳሌው ተቀምጦለታል ማለት ነው። አይደለም እንዴ? እኔ ስለው "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ይላል። ካንቺ ሲሰማ ግን ያምናል።

እና ደውይለት። እውነቱን ንገሪው። አትጠብቀኝ በይው። የሐኪሙ ቀጠሮ መጋቢት 12 ነው፤ ከዚያ በፊት ይሁን። እሁድ ጠዋት እናቴ ቁስቋም ስትሄድ ብቻውን ስለሚሆን በደንብ ያወራሻል። ሲጋራም ጀምሯል። ሐኪሙ አጥንት መግጠሙን ያዘገያል ብሎናል። ይህንንም ተቆጪልኝ፤ አንቺን ያፍራል።

ደግሞ በነጭ ጋወን የተነሳሽውን ፎቶ አየሁት። ምነው ከሳሽ? ጥንቸሎቹን ስትቀልቢ ራስሽን ረሳሽ መሰለኝ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቻለሁ፤ የሚመጣ ሰው ካለ ላኪብኝ።

የእሱ ስልክ ያው የድሮው ነው፤ አልቀየረም።

ያንቺው፣
የማራኪዋ