እማዬ፣ ባለፈው በስልክ ለጠየቅሽኝ

እማዬ እንደምን አለሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለፈው ስንደዋወል "ሰው ጥሩነትን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ካደገ በኋላ ክላስ ውስጥ ምን ልታስተምሩት ነው?" ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ግማሹ እውነትሽን ነው፣ ሌላው ግማሽ ግን እኔ ዕድሜዬን የሰጠሁት ሥራ፣ ለሕግ ተማሪዎች የሙያ ሥነ ምግባር ማስተማር፣ ስለሆነ እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ።

አትዋሽ፣ ሰው አምኖ የነገረህን አታውጣ፣ የተበደለ ስታይ ዝም አትበል፣ ይሄን ሁሉ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን እነዚህን ይዘሽ ይሄን ስሚኝ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

በ1982 ቺካጎ ውስጥ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ተገደለና አልተን ሎጋን የሚባል ሰው ተከሰሰ። በሌላ ወንጀል የታሰረው አንድሩ ዊልሰን ግን ለራሱ ጠበቆች ያን ሰው የገደልኩት እኔ ነኝ አላቸው። ጠበቆቹ ዴል ኮቨንትሪና ጄሚ ኩንዝ ይባላሉ። ከተናገሩ አምኗቸው የነገራቸውን ደንበኛ ለሞት ፍርድ አሳልፈው ሊሰጡት ነው፣ ዝም ካሉ ደሞ ያልገደለ ሰው ሊታሰር ነው፣ እንግዲህ ካስተማርሽኝ የትኛውን ይዘው የትኛውን ይተዉ? የሰሙትን በወረቀት ጽፈው ፈረሙበት፣ ፖስታ ውስጥ አሸጉት፣ ፖስታውን ብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፣ ኮቨንትሪ ሳጥኑን ቤቱ አልጋው ስር ነበር ያስቀመጠው። ሎጋን ሞት ከተፈረደበት እንናገራለን ብለው ነበር፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደበትና ዝም አሉ። ዊልሰን ከሞትኩ በኋላ ተናገሩ ብሏቸው ስለነበር በ2007 እስር ቤት ሲሞት ወረቀቱን አወጡት፣ ሎጋን በ2008 ተለቀቀ፣ 26 ዓመት ታስሮ ማለት ነው።

ይሄን ክላስ ውስጥ ሳወራ ተማሪው ይንጫጫል፣ አብዛኛው እነዚህ ጠበቆች ሰው አይደሉም ይላል። እኔ ደሞ ቆይ፣ ምስጢሬን ያወጣል ብሎ ቢፈራ ኖሮ ዊልሰን መጀመሪያውኑ ይነግራቸው ነበር ወይ እላቸዋለሁ፣ ያኔ ዝም ይላሉ። ጠበቃ ምስጢር የሚጠብቀው ለወንጀለኛ አዝኖ አይደለም፣ ሰው የሆነውን ሁሉ በትክክል ካልነገረው ማንንም በአግባቡ መከላከል ስለማይችል ነው። በኔ እምነት ግን ንጹህ ሰው እየታሰረ የጠበቆች የምስጢር ደንብ ዝም በል ማለት የለበትም፣ ማሳቹሴትስ ለምሳሌ በደንቧ ላይ ለእንዲህ አይነቱ ነገር ጠበቃው እንዲናገር የሚፈቅድ ልዩ ሁኔታ አስቀምጣለች፣ እኔም በፔፐሮቼ የምከራከረው ይሄ በየቦታው እንዲገባ ነው። ቢገባ እኮ እነዚያ ሁለት ሰዎች ወረቀቱን አልጋ ስር አያቆዩትም ነበር።

ከቤት ብቻ ይበቃል እንዳልል የሚያደርገኝ ሌላም ነገር አለ። በ1973 በዋተርጌት ጉዳይ፣ የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ባወረደው ቅሌት ማለት ነው፣ የፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪ የነበረው ጆን ዲን ሴኔት ፊት ሲመሰክር፣ በነገሩ እጃቸው አለበት ያላቸውን ሰዎች ስም ዘርዝሮ የሕግ ሰው በሆኑት ጎን ላይ ኮከብ ምልክት አድርጎ ነበር፣ ኮከቡ በዝቶ ይሄ ሁሉ ጠበቃ እንዴት እዚህ ውስጥ ገባ ብሎ ራሱ ተገረመ፣ እሱም ጠበቃ ነበር። በ1974 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሕግ ትምህርት ቤቶች የሙያ ሥነ ምግባርን የግድ እንዲያስተምሩ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። እነዚያ ሰዎች ቤታቸው አልተመከሩም ማለት አይከብድም እማዬ? ተመክረዋል እንጂ። አለቃህ ይሄን ወረቀት ፈርም ሲልህ፣ ሥራህም ስምህም እሱ እጅ ላይ ሲሆን ምን እንደምታደርግ ግን አስቀድመህ ካላሰብክበት ያን ቀን አይመጣልህም።

ችግሩ ኮርሱን ብዙ ቦታ የሚሰጡት በመጨረሻ ሴሚስተር ነው፣ ተማሪው የደንብ ቁጥር ሸምድዶ ተፈትኖ ይረሳዋል፣ መምህራኑም ቢሆኑ ውል ወይ ታክስ የሚያስተምረውን ነው ከፍ አድርገው የሚያዩት። ላንግዴል የሚባል የሕግ መምህር ሃርቫርድ ላይ በ1870 የጀመረው ፍርድ እያነበቡ ሕግ መማር አእምሮን ይስላል፣ አልክድም፣ ግን ፍርዱ ውስጥ ያለችው ደንበኛ ስም ብቻ ናት፣ አታለቅስም፣ አትለምንም። ለዚህ ነው ክሊኒክ ክሊኒክ የምለው፣ የሐኪሙን ሳይሆን ተማሪው መምህሩ እያየው ባለጉዳይ የሚረዳበትን የሕግ ክሊኒክ ማለቴ ነው፣ ተማሪው እውነተኛ ሰው ፊት ቁጭ ይበል። አንዴ አንዲት ባለጉዳይ የተቀበለችውን ብር አልተቀበልኩም ብለህ ጻፍልኝ አለችው ለአንዱ ተማሪዬ፣ ልጆቿን እያሳየች ነው የምትለው። እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ፣ እኔ ምንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወደሷ ዞሮ "እህቴ ይሄን ብጽፍልሽ ደረሰኙ ሲመጣ ዳኛው እውነት የሆነውንም አያምንሽም፣ የተቀበልሽውን እንጻፈውና የቀረሽን አጥብቀን እንጠይቅ" አላት። ተቆጣች፣ ተነስታ ወጣች፣ በኋላ ግን ተመለሰች። እማዬ እኔ ለዚህ ነው የምሠራው፣ ፕሮሞሽኑ ይዘገያል፣ ገንዘቡም የኔን ያህል ተምረው ቢሮ የከፈቱት ጓደኞቼ ዘንድ ነው፣ ያ ልጅ እንደዛ ሲመልስላት ያየሁትን ግን በምንም አልለውጠውም።

ለምን ዳኛ አትሆንም ላልሽው ደሞ፣ ዳኛ ብሆን የማየው በፊቴ የቀረበውን ፋይል ነው፣ እዚህ ግን በየዓመቱ ነገ ዳኛም ጠበቃም አቃቤ ሕግም የሚሆኑ ልጆች እጄ ላይ ይመጣሉ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ኮርሱ ከአንደኛ ዓመት እንዲጀመር ጠይቄያለሁ፣ ዲፓርትመንቱ ገና እየተወያየበት ነው፣ በጸሎትሽ አስቢኝ።

ደሞ አንድ ነገር፣ አንቺ በነዚያ ጠበቆች ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? አስቢበትና እሁድ ስደውል ንገሪኝ፣ ከፈቀድሽ መልስሽን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ።

የሚወድሽ ልጅሽ