የመሐንዲሱ አማካይ ደመወዝ የማንንም ዕዳ አይከፍልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምህንድስና ምሩቃንን ገቢ ከትምህርት ብድራቸው ጋር ያነጻጸረውን ጽሑፋችሁን አንብቤዋለሁ። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ያስመሰግናችኋል፤ መደምደሚያው ግን አሳስቦኛል። በአንድ ዓምድ አማካይ ደመወዝ፣ በሌላው አማካይ ዕዳ ተቀመጠና የመጀመሪያው ስለበለጠ ትምህርቱ «አዋጭ» ተባለ። መሐንዲስ ነኝ፤ ጀማሪ መሐንዲሶችን የመመልመል ኃላፊነትም ለዓመታት ነበረብኝ። በዚህ ስሌት ብቻ ተመርቶ ብድር የሚፈርም ወጣት እንዳይኖር እሰጋለሁ።

አማካይ ማለት ጥቂት ከፍተኛ ተከፋዮች ወደ ላይ የሚጎትቱት ቁጥር ነው። የሚሰላውም ብዙውን ጊዜ ሥራ ካገኙና መጠይቁን ከመለሱ ምሩቃን ነው። ሥራ ፈላጊው አይካተትም። ከሙያው ውጪ በአነስተኛ ክፍያ የተቀጠረውም ደመወዙን ጽፎ ለመላክ እጁ አይታዘዝለትም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ትምህርቱን ያቋረጠው ነው። ምህንድስና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በካልኩለስ፣ በፊዚክስና በሜካኒክስ ተማሪውን ያበጥራል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የተሰናበተ ልጅ የሁለት ዓመት ዕዳ ተሸክሞ ይወጣል፤ ዕዳውን የሚከፍልበት ዲግሪ ግን አልያዘም። አበዳሪው ተመርቀሃል ወይ ብሎ አይጠይቀውም፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስ ክፍያውን ይጠብቃል። ይህ ልጅ በሠንጠረዣችሁ ውስጥ በየትኛውም ዓምድ አልገባም። እኔ ግን ስሌቱ ከእሱ መጀመር አለበት እላለሁ፤ ማንም ተማሪ ብድሩን ሲፈርም ከሚጨርሱት ይሁን ከሚያቋርጡት ገና አያውቅምና።

የዕዳው ዓምድም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ የተጻፈው የተበደሩት ገንዘብ እንጂ የሚከፍሉት አይደለም። አንድ ተማሪ ለአራት ዓመት በየዓመቱ መጀመሪያ 25,000 ተበደረ እንበል፤ የገንዘቡ ዓይነት ለስሌቱ ለውጥ አያመጣም። ወለዱ 6 በመቶ ከሆነና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታሰብ ከሆነ፣ በድርብ ወለድ (በወለዱ ላይ ወለድ እየታሰበ) እንኳን ሳይሰላ በምረቃው ዕለት 115,000 ይጠብቀዋል። ይህን በአሥር ዓመት ልክፈል ካለ በየወሩ 1,277 ገደማ፣ በጠቅላላው ከ153,000 በላይ ይከፍላል። ከብዶት ወደ ሃያ ዓመት ቢያራዝመው ወርሃዊው ወደ 824 ይወርድለታል፤ ጠቅላላው ግን 198,000 ይጠጋል። ግብር ተቀንሶ 4,000 እጁ ለሚገባ ጀማሪ የመጀመሪያው አማራጭ የደመወዙን ሲሶ ያህል ይወስዳል። የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ቤተሰብ የሚደርሳቸው ከቀረው ነው። ተማሪ ሆኖ ባሳለፋቸው አራት ዓመታት ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረውም ገንዘብ አለ፤ እሱንም ማንም አልቆጠረውም።

ደመወዙ ራሱ ደግሞ ባለበት አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ላይ ከ30 ዶላር በታች ወረደ። በ2012 የነዳጅ ምህንድስና ከፍተኛ ጀማሪ ደመወዝ ስቧቸው የተመዘገቡ ተማሪዎች የተመረቁት ኩባንያዎች ሠራተኛ በሚያሰናብቱበት ጊዜ ነበር። ዕዳቸው ከነዳጁ ጋር አልቀነሰም። ጽሑፋችሁ በጀማሪ ደመወዝ ላይ መመሥረቱም ሌላ ችግር አለው። የሃርቫርዱ የኢኮኖሚ ምሁር ዴቪድ ዴሚንግ ከካዲም ኖሬይ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት እንደ ምህንድስናና ኮምፒውተር ሳይንስ ያሉ ሙያዎች በሥራ ዓለም መጀመሪያ ላይ ያላቸው የደመወዝ ብልጫ በፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ በትምህርት ቤት የተማሩት ቴክኖሎጂ ያረጃልና። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ በሃያ ዓመት ማባዛት አያስኬድም።

ይህን ስል ምህንድስና አትማሩ ማለቴ አይደለም። ሙያዬን እወዳለሁ፤ ለብዙዎችም ዕዳቸውን ከፍሎላቸዋል። ነገር ግን ስመለምል ያየሁትን ልናገር፦ የጀማሪ ደመወዝ የሚወሰነው በሥራ ደረጃው ነበር። እውቅና ካለው አነስተኛ ክፍያ የሚያስከፍል ኮሌጅ የመጣውም፣ እጥፉን ከፍሎ የተማረውም በአንድ ደረጃ ይቀጠሩ ነበር። እኛ የምንጠይቃቸው በተግባር ልምምድ ምን እንደሠሩ ነበር። በአንዱ ትከሻ ላይ ያለው ዕዳ የሌላው እጥፍ መሆኑን ግን የቅጥር ውሉ አያሳይም።

የብድሩ ውልም የዕዳውን ያህል መታየት አለበት። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው ሥርዓት ገቢው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ምሩቅ እንዲከፍል አያስገድድም። በእንግሊዝም ተበዳሪው የሚከፍለው ከተወሰነው መጠን በላይ ካለው ገቢው 9 በመቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ ትምህርት ለጀመሩት ከ40 ዓመት በኋላ ቀሪው ይሰረዛል። አርባ ዓመት ረጅም ነው፤ ቢሆንም ሥራ ያጣ ሰው በዕዳው ምክንያት መሠረታዊ ኑሮው አይናጋም። ወርሃዊ ክፍያው ቋሚ የሆነ፣ የወላጅ ዋስትና ያለበት ብድር ግን ሥራ መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። ሁለቱን በአንድ «ዕዳ» በሚል ቃል ጠቅልሎ ማቅረብ አንባቢን ያሳስታል።

ስለዚህ ሠንጠረዡን በድጋሚ ስታወጡ ከአማካዩ ጎን ዝቅተኛ ክፍያ የሚያገኙትን አንድ አራተኛ ምሩቃን ደመወዝ፣ ከተመዘገቡት ምን ያህሉ እንደሚመረቁ፣ የብድሩን ወለድና ገቢ ሲጠፋ ክፍያው ይቆም እንደሆነ እንድትጨምሩበት እጠይቃለሁ። ቁጥሮቹን ከየትምህርት ክፍሉ ጠይቁ፤ ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነውን የትምህርት ክፍልም ስሙን ጻፉት።

አክባሪያችሁ፣
መሐንዲስ አንባቢያችሁ