የትግል ቡድኖቻችንን ፎቶ ስለማንሳት፦ ለትምህርት ቤቶች የስፖርት ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የካውንቲያችን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሬስሊንግ (የትግል ስፖርት) ቡድኖች በፈቃደኝነት ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች የሚሠሩበት ወጥ መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የምተዳደረው የሠርግና የክርስትና ፎቶ በማንሳት ሲሆን፣ የብርዱ ወራት ሲገባ ደግሞ የሰፈራችንን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሬስሊንግ ቡድን ያለ ክፍያ ፎቶ አነሳለሁ። የዚህን ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቻለሁ፤ በአማርኛ ያወጣሁት ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው ወላጆች ምን እንደተጠየቀ እንዲያውቁ ነው። የምጠይቀውም ልጆቹ ከሚታገሉበት ምንጣፍ ዳር ሆኖ ፎቶ ለሚያነሳ ፈቃደኛ ሰው ማን እንደሚፈቅድለት፣ የት እንደሚቀመጥና ያነሳውን ለማን መስጠት እንደሚችል በሁሉም ትምህርት ቤቶች እኩል የሚሠራ አጭር የጽሑፍ መመሪያ እንዲወጣ ነው።

ፎቶ ለአንድ ቡድን ምን ይጠቅመዋል ቢባል መልሱ ከነጥብ አቆጣጠሩ ይጀምራል። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሲገናኙ ልጆቹ ከ106 ፓውንድ፣ ማለትም ከ48 ኪሎ ገደማ፣ እስከ 285 ፓውንድ በተደለደሉ የክብደት ምድቦች አንድ በአንድ ይገጥማሉ። የተጋጣሚውን ሁለት ትከሻ ለ2 ሰከንድ ከምንጣፉ ጋር ያጣበቀ ልጅ ለቡድኑ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ ልጅ ባልተሰለፈበት ምድብ ግን ማንም ላብ ሳያፈስ ያው 6 ነጥብ በፎርፌ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ሦስት ምድብ ክፍት ትቶ የሚገባ ቡድን ገና ፊሽካ ሳይነፋ 18 ነጥብ አስረክቧል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ክፍት የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ ቀላሎቹ ምድቦች ናቸው፤ ለእነዚህ የሚሆኑ ቀጫጭን የ9ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ በየኢትዮጵያዊው ቤት አሉ። ሩጫ ቢባል ወላጅ አያመነታም። ሬስሊንግ ሲባል ግን ብዙዎቻችን የምናስበው በቴሌቪዥን ወንበር የሚወራወሩትን ጡንቸኞች በመሆኑ፣ ልጁ ቅጹን ይዞ ሲመጣ የሚፈርምለት ያጣል።

«አንገቱን ይሰብሩብኛል» ብለው አንድ ወቅት ሙሉ ከጂሙ ደጅ ያልደረሱ አንዲት እናት አውቃለሁ። ዳኛው የልጃቸውን እጅ ከፍ አድርጎ ሲይዝ፣ የተሸነፈውም ልጅ ጎንበስ ብሎ የልጃቸውን አሠልጣኝ ሲጨብጥ የሚያሳዩ ሁለት ፎቶዎች በስልካቸው ላክሁላቸው። የሁለተኛውን ትርጉም ስልክ ደውለው ጠየቁኝ፤ ልማድ ነው፣ ከግጥሚያ በኋላ እንዲህ ይጨባበጣሉ አልኳቸው። በሚቀጥለው ውድድር ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ ታናሽየውንም አስመዘገቡት። ዛሬ ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነው ከጂሙ መግቢያ ባለው ጠረጴዛ ሳምቡሳና ሻይ ይሸጣሉ፤ ገንዘቡም መግዛት ለማይችሉ ልጆች ጫማና የጆሮ መከላከያ ይሆናል።

ከምንጣፉ ዳር የመቀመጡ ጉዳይ የፎቶ አንሺ ቅብጠት ሊመስል ስለሚችል ምክንያቱን ላስረዳ። ትግሉ የሚካሄድበት ክብ ስፋቱ 28 ጫማ ሲሆን፣ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸው ወደ ምንጣፉ ያዘነበለ ስለሆነ ከመቀመጫው ከፍታ የሚነሳ ፎቶ ጀርባና ጭንቅላት ብቻ ያሳያል። ወለል ላይ ተቀምጦ ወይም በደረት ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው ግን አንዱ የሌላውን ቁርጭምጭሚት ይዞ ቀና ሲል ዓይኑን ያገኘዋል። ፍላሽ ልጆቹንና ዳኛውን ስለሚያውክ መጠቀም አይገባም፤ ያለ ፍላሽ ደግሞ ከ500ኛ የሰከንድ ክፋይ በዘገየ ፍጥነት የተነሳ እጅ ተድበስብሶ ይወጣል፣ ስለዚህ በአሮጌ ጂሞች ደብዛዛ ብርሃን ጥሩ ሌንስ ይዞ መቅረብ ግድ ነው። መቅረብ አደጋም አለው፤ ሁለት ልጆች ተያይዘው ከክቡ ሲወጡ እግሩንና ካሜራውን ቶሎ የማይሰበስብ ሰው ሊጎዳቸው ይችላል። ቦታው በደንብ ይወሰን የምለውም ለዚህ ነው፦ በክቡ ዙሪያ ከተነጠፈው የጥበቃ ምንጣፍ ውጭ፣ የአሠልጣኞችን ወንበርና የነጥብ መዝጋቢዎችን ጠረጴዛ በማይጋርድ አንድ ጎን።

አሁን ያለው አሠራር ከሰው ሰው ይለያያል። በአንዱ ትምህርት ቤት እጄን ጨብጠው ያስገቡኛል፤ በሌላው ከበሩ ካሜራዬን ወደ ቦርሳ እንድመልስ ይነገረኛል። በአንድ ትልቅ ውድድር ላይ ደግሞ ፎቶ የመሸጥ ብቸኛ ውል ያለው ድርጅት ስላለ ከምንጣፉ ዳር እንድነሳ ተደረግሁ። ድርጅቱ እንጀራው ነውና አልቀየምኩትም፤ እኔም ውል ይዤ በገባሁበት ሠርግ ሌላ ካሜራ ሲጋፋኝ ደስ አይለኝም። ነገር ግን ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት ለአንድ ፎቶ የተጠየቀውን ዋጋ አይቶ ስልኩን ሲዘጋ አይቻለሁ። ወደፊት በሚፈረሙ ውሎች ውስጥ፣ ለራሱ ትምህርት ቤት ልጆች በነፃ የሚያነሳ ፈቃደኛ እንደማይከለከል የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ቢገባ ድርጅቶቹን ብዙ አይጎዳም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የፈቃድ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የተማሪዎችን መረጃ በሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ትምህርት ቤት የተማሪውን ስምና ፎቶ የመሳሰሉትን በይፋ የሚገለጹ መረጃዎች ብሎ ከመደባቸው፣ ወላጅ አስቀድሞ ሊነገረውና አልፈልግም የማለት መብት ሊሰጠው ይገባል። ወላጆቻችን ግን ይህን ወረቀት በመስከረም ከሚጎርፉት ቅጾች ጋር ሳያነቡ ይፈርሙታል። ከአገራቸው ሸሽተው የመጡ፣ የልጃቸው ፊት በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲታይ የማይሹ ቤተሰቦች አሉ፤ ለቡድኑ አልበም ግን አይከለክሉም። የሴት ልጆች ትግል በፍጥነት እያደገ ነው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2023–24 ወቅት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ60 ሺሕ በላይ ሴቶች ተሳትፈዋል። ገላ ላይ የሚጣበቀውን የውድድር ልብስ የሚያፍሩበት ወላጆች በሁለት ክፍል የተሠራው ሰፋ ያለ ልብስም በደንቡ እንደሚፈቀድ ሲሰሙ እፎይ ይላሉ፤ የሚቀጥለው ጥያቄያቸው ፎቶውን ማን ያየዋል የሚል ነው። ስለዚህ የፈቃዱ ቅጽ በአማርኛም ተዘጋጅቶ፣ ለቡድኑና ለቤተሰቡ፣ ለትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ ተብሎ ተለያይቶ እንዲጠይቅ አመለክታለሁ። ፈቃደኛውም እንደ ማንኛውም የትምህርት ቤት በጎ ፈቃደኛ የኋላ ታሪኩ ይጣራ። ልብስ መቀየሪያና ክብደት መለኪያ ክፍል በካሜራ አይግባ፤ የተጎዳና የሚያለቅስ ልጅ አይነሳ፤ ወላጅ አጥፋልኝ ያለው ፎቶ ምክንያት ሳይጠየቅ ይጥፋ። እኔ እነዚህን እስካሁን በራሴ ፈቃድ ጠብቄያለሁ፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ግን በጽሑፍ ሊታዘዝ ይገባል።

ልምምድ የሚጀምረው በኖቬምበር አጋማሽ በመሆኑ፣ መመሪያው ከዚያ በፊት ለአሠልጣኞችና ለየትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተባባሪዎች ቢደርስ በዚህ ወቅት ሊሠራበት ይችላል። የአማርኛውን ቅጽ ረቂቅ ለማየትና ከወላጆች ጋር ለማንበብ፣ እንዲሁም እስካሁን ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ወላጆች በፈቀዱት መጠን ለትምህርት ቤቱ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ምላሽዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቡድኑ ደጋፊና ፎቶ አንሺ