ውኃ ላሸከማችሁኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

እኔ ለ14 ዓመት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። ይህን መልእክት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ዕዳ ሆነብኝ።

ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነው። 400 ኩንታል ማዳበሪያ ጭነን በጋላፊ ድንበር ገብተናል። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጉንጬን የወጠረው ጫት ነው ያቆመኝ። ሎጊያን እንዳለፍን ረዳቴ «ጋሼ፣ እባክህ ትንሽ እንቁም» አለኝ። ሁለት ጊዜ አለኝ። ሁለቴም ጮኽኩበት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ዓይኔ ተከደነ። ስባንን መኪናው በጎኑ ተኝቷል። እግሬ ከመሪው ሥር ተቀርቅሯል። ልጁ ቀኝ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ስሜን ይጠራል።

መጀመሪያ የደረሱልን የአፋር እረኞች ናቸው። በገመድ ስበው አወጡኝ። አንድ አዛውንት ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው የፍየል ወተት በጣሳ አጠጡኝ። ፀሐይ ስትወጣ ሽርጣቸውን ዘርግተው ጥላ ሠሩልኝ። ቋንቋ አልተግባባንም። አባቴ፣ ስምዎን እንኳን አልጠየቅሁም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

እግሬን በብረት አያይዛችሁ ያቆማችሁኝ ሐኪሞች፣ ሌሊት ስጮኽ ሳትሰለቹ የመጣችሁልኝ ነርሶች፣ ተባረኩ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ያለው ይብሳል። የመኪና ጥሩንባ ስሰማ ላብ ያጠምቀኛል። ቀን ጫት፣ ማታ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለመስበር፣ አረቄ። ሹፌር ወንድሞቼ፣ ሐራራ፣ የሱስ ጥማት፣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የረዳቴ ሁለት ጣት መቆረጡን ሰማሁ። ሲደውል ስልኩን እያየሁ አላነሳም ነበር። ለምን እንደምኖር ጠፋኝ።

ባለቤቴ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩሽን እዚህ አልደግመውም። ጥር 2016 በጨለማ ቀስቅሰሽ፣ ጋቢ አልብሰሽ እንጦጦ ማርያም አደረስሽኝ። «ሁለት ሱባኤ ብቻ ሞክርልኝ» አልሽ። 14 ቀን ነው የለመንሽኝ። የሰጠሽኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዬን በሙሉ ነው።

የእንጦጦን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጫማ አውልቀን፣ በባዶ ሆድ ተሰልፈን እንጠመቃለን። እኔ ተአምር ጠብቄ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ብርድ ብቻ ተሰማኝ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ ልወርድ ስል የዛሬው የንስሐ አባቴ አገኙኝ።

አባ፣ ያን ቀን ምንም አልገሠጹኝም። ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት ልተወው ወይ ብዬ ስጠይቅዎ «እንዳትተው፤ እሱም የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እዚያው ተራራ ላይ ኤችአይቪ ያለባቸው ብዙ ሰዎች መድኃኒቱን እየተዉ የሚጎዱበት ዘመን እንደነበር ነገሩኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ማስተማራቸውንም አጫወቱኝ። ይህን ሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። ዛሬም መድኃኒቱን ጥሎ የሚመጣ አለና።

ከዚያ አንድ ቢጫ ጀሪካን አስያዙኝ። ባለ 5 ሊትር ነው። «ከታች ያሉት እናት መውጣት አይችሉም። ጠበሉን አድርስላቸውና ትሄዳለህ» አሉኝ። እያነከስኩ ወረድኩ። እናቲቱ ዓይናቸው አያይም። ጀሪካኑን ዳበሱት። ቀጥለው እጄን ዳበሱ። «የሠራተኛ እጅ ነው። ነገም ና፣ ልጄ» አሉኝ።

ነገም ሄድኩ። ከነገ ወዲያ ጎረቤታቸው ሌላ ጀሪካን አውጥታ ጠበቀችኝ። ከስንት ወር በኋላ መጀመሪያ ሰው እኔን የጠበቀው ያን ቀን ነው። እማማ፣ የእርስዎ «ነገም ና» ነው ከአልጋ ያስነሣኝ።

የሙሴ ጸሊምን ታሪክ የሰማሁትም ከአባ ነው። በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረ፣ ሽፍታ የነበረ ጥቁር ሰው። ግብፅ፣ ገዳመ አስቄጥስ ገብቶ መነኮሰ። የድሮው ምኞቱ ግን እዚያም ድረስ ተከትሎት ገባ። ታዲያ ሌሊት እየተነሣ የአረጋውያኑን መነኮሳት እንስራ እየለቀመ፣ ከሩቅ ጉድጓድ ውኃ ይሞላላቸው ነበር። ተስፋ ሲቆርጥ ደግሞ አባ ኤስድሮስ ጣሪያ ላይ አወጡትና ጎሕ ሲቀድ አሳዩት። ብርሃኑ ቀስ እያለ ነው ጨለማውን የሚያባርረው፤ የሰውም ነገር እንዲሁ ነው አሉት። ይህን ስሰማ ያለቀስኩትን ልቅሶ ለእናቴ ሞት አላለቀስኩትም። ሰኔ 24 በዓሉ ሲውል እንደ ዘመዴ በዓል ነው የማከብረው።

የእኔም ቀስ ብሎ ነው የነጋው። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ያለ ጫት ጨረስኩ። የፋሲካ ማግስት ወደቅሁ። ተመለስኩ፣ ንስሐ ገባሁ። መዝሙር 50ን በቃሌ ያዝኩ። «አቤቱ፥ ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» የምትለዋ ጋ ስደርስ እስከ ዛሬ ድምፄ ይሰበራል። ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ እኔን ሊፈልግ የወረደበትን ጉድጓድ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ እንጦጦ ነኝ፤ ጀሪካኑም ባለ 20 ሊትር ሆኗል።

የመጨረሻው ምስጋና ለረዳቴ ነው።

ነሐሴ 2017፣ የፍልሰታ ጾም። ዝናቡ አያባራም፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ጀሪካኑን ይዤ ስወርድ ከኋላዬ አንድ እጅ እጀታውን ያዘ። ሦስት ጣት ያለው እጅ ነው። ዘወር ሳልል አወቅሁት። ለካ ባለቤቴ ደውላለት ኖሯል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል «ጋሼ፣ ውኃው ይደፋል» አለኝ።

ከዘራዬን በእጀታው አሾልከን፣ ፊት እሱ፣ ኋላ እኔ ሆነን ወረድን። አንተ ልጅ፣ በዚያ መንገድ ላይ ይቅርታ ለማለት ስንቴ አፌን እንደከፈትኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ይኸው፣ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ይቅር በለኝ እልሃለሁ።

እማማ የሁለት ሰው ኮቴ ሰምተው «ዛሬ ደግሞ ማንን አመጣህ?» አሉ። መልስ አጣሁ።

«ልጁ ነኝ» አላቸው እሱ።