ግልጽ ደብዳቤ፦ የነርሲንግ ተማሪዎች የቡድን ምክር በልምምድ ሰዓት ውስጥ ይመደብላቸው

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በመሃል አዲስ አበባ ነርሲንግ የማስተምር ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ሥራን ነገ ዛሬ እያሉ የማሳደር ችግር ስንፍና እየተባለ መታለፉ ስላሳሰበኝ ነው።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስኳር ላለባቸው አንድ አባት የክብካቤ ዕቅድ እንድታዘጋጅ ታዘዘች። የእግራቸውን ቁስል ስታጥብና ስታሽግ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ የዕቅዱን የመጀመሪያ ገጽ ግን አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ቀደደችው። አባት ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ዕቅዳቸው ገና አላለቀም ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ስህተት ከሚገኝበት ባይታይ ይሻለኛል» አለችኝ።

ነገ ዛሬ ማለት የሚወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው። በመድኃኒት መጠን ላይ ያለቦታዋ የገባች አንዲት ነጥብ ሰው ልትጎዳ እንደምትችል የሚማር ወጣት ስህተትን መፍራቱ አግባብ ነው፤ ነገር ግን በታካሚ አልጋ አጠገብ፣ በጓደኞቹ ፊት የተቆጡት ተማሪ መድኃኒት ሲለካ የሚያሻውን ጥንቃቄ ረቂቅ ሲጽፍም ይሸከመዋል፤ ሥራውም ያድርበታል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናው፣ ቀጥሎም የሙያ ፈቃድ ምዘናው ይጠብቁታል።

ለዚህ ችግር የምጠይቀው መፍትሔ የቡድን ምክር ነው፤ በዚህ ምክር 8 ወይም 10 ተማሪዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ያሳደረውን ሥራና ሊጀምረው ሲል የሚመጣበትን ሐሳብ ይናገራል፤ ለቀጣዩ ሳምንት የሚያደርሰውን ትንሽ ሥራ ይመርጣል፤ አንዳንዴም ያላለቀ ረቂቁን እንዳለ ይዞ መጥቶ ያሳያል። «እኔ ብቻ ነኝ» የሚለው እፍረት የሚሟሟው ያን ጊዜ ነው። በስዊድን 92 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ የ8 ሳምንት የሥነ ልቦና ሕክምና በኢንተርኔትም ሆነ በቡድን ሲሰጥ ሥራ የማሳደርን ልማድ እንደቀነሰ፣ ቆይቶ ሲታይ ግን የቡድኑ ተሳታፊዎች መሻሻላቸውን ሲቀጥሉ በኢንተርኔት የተከታተሉት ወደኋላ የመመለስ ምልክት እንዳሳዩ ገልጿል።

ከሁሉም በላይ የማሳስበው ስለ መሪውና ስለ ሰዓቱ ነው። ውጤት የሚሰጥ መምህር፣ እኔንም ጨምሮ፣ ቡድኑን መምራት የለበትም፤ ተማሪ ፍርሃቱን ለፈታኙ አይገልጥምና። እንደ አማኑኤል ባሉ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች የሚሠሩ የሳይካትሪ ነርሶች ለዚህ የተመቹ ናቸው። በቡድኑ የተነገረው እዚያው ይቅር፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ተማሪ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይላክ። ሰዓቱም ማታ አይሁን፤ ከልምምድ ወጥቶ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቀው ተማሪ ለማታ ስብሰባ አይቀርም።

ስለዚህ የቡድን ምክሩ በአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ በተግባር ልምምዱ ሰዓት ውስጥ እንዲሞከር እንድትፈቅዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተማሪዎቹን የማሳወቁንና ክፍል የማመቻቸቱን ሥራ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የነርሲንግ መምህርት