ቤቱን ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ የጽሕፈት፣ የኮፒና የስካን ሥራ የምሠራ የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ብዕር እንዳነሳ ያደረገኝ፣ ለትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄዱ ልጆቻችን ገና ከአገር ሳይወጡ በቤት ኪራይ ስም ገንዘባቸውን እየተበሉ መሆናቸው ነው። የአንድ ቤተሰብ ችግር ነው ተብሎ የሚታለፍ ስላልመሰለኝ በአደባባይ እንድንነጋገርበት ፈለግሁ።

በሥራዬ ምክንያት የብዙ ሰው ወረቀት በእጄ ያልፋል። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የቅበላ ደብዳቤ፣ ለኤምባሲ የሚገባ ማመልከቻ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የቤት ኪራይ ውል ይመጣልኝ ጀመር። ልጁ ስልኩን ያቀብለኛል፤ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የተላከ ፋይል ነው። «እህቴ፣ ይህን አትሚልኝና ልፈርምበት፤ ከዚያ ከፓስፖርቴ ጋር ስካን አድርጊልኝ» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ከመራዊ አካባቢ አባትና ልጅ አብረው መጡ። ልጅቷ ሙኒክ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ቅበላ አግኝታለች። የያዘችው ውል ባለ ብዙ ገጽ ነው፣ አርማና ማኅተምም አለው። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል፣ ሙሉ ዕቃ ያለው፣ ለመሀል ከተማ ቅርብ፣ ኪራዩም መብራትና ኢንተርኔትን ጨምሮ በወር 380 ዩሮ ነው ይላል። ፎቶም አለው፤ ነጭ ሶፋ፣ የሚያብረቀርቅ ወጥ ቤት፣ መስኮት ላይ የተደረደረ አበባ። ባለቤት ነኝ ያለው ሰው ለሥራ ወደ ስፔን ስለሄድኩ ቤቱን ማሳየት አልችልም፣ የሦስት ወር መያዣ (ቤቱ ሲለቀቅ የሚመለስ ገንዘብ) እና የአንድ ወር ኪራይ እንደገባልኝ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ ብሎ ጽፏል። እንድታምነው ብሎም የራሱን ፓስፖርት ፎቶ አያይዟል። ገንዘቡ ቀድሞ ተልኳል። እኔ ጋ የመጡት ውሉን አሳትመው ከቪዛ ወረቀቷ ጋር ለማያያዝ ነበር።

ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ዓይኔ ያዘው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስምና ውሉ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ስም አይገጥሙም። የቤቱ ቁጥርም የፊተኛው ገጽ ላይ ሌላ፣ የኋለኛው ላይ ሌላ ነው። ልጅቷን አስፈቅጄ ጀርመን፣ ድሬስደን ከተማ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ላክሁለት። ብዙም ሳይቆይ ደወለ። «ሙኒክ ውስጥ በዚህ ዋጋ ይህን የመሰለ ቤት የለም፤ ቁልፍ በፖስታ የሚባለውም የታወቀ የሌባ ዘዴ ነው» አለ። ልጅቷ እዚያው ቆማ ለሰውዬው ብትጽፍለት አካውንቱ ጠፍቷል። አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ» አሉ። ገንዘቡ በሬ ተሸጦ፣ ዕቁብ ተለምኖ ቀድሞ ወጥቶ የተሞላ ነው። ዩሮውን የላከላቸው አውሮፓ ያለ ዘመድ፣ ብሩን የተቀበለው ደግሞ እዚህ ያለ ቤተሰቡ ስለሆነ በእጃቸው ደረሰኝ እንኳ የለም። ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለአንድ ዩሮ የምንከፍለው ብር ከእጥፍ በላይ መሆኑን ስናስብ፣ ያ ገንዘብ ለአንድ ገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ልጆቹን ሞኞች ናቸው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልስማማም። ባሕር ዳር ቤት ስንከራይ ደላላው ይዞን ይሄዳል፤ ግቢውን እናያለን፣ የውኃውን ቧንቧ እንከፍታለን፣ አከራይዋ «የማን ልጅ ነሽ? የት ነው የምትሠሪው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ስንስማማ ብር እንቆጥራለን። ሁሉም ፊት ለፊት ነው። እነዚህ ልጆች ግን የማያውቁት ከተማ፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ በስልክ መስኮት ብቻ ቤት ፈልጉ ተብለዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ወርደው ማደሪያ እንዳያጡ ይፈራሉ። ሌባው የሚነግደው በዚህ ፍርሃት ነው።

ወንድሜ ከፖሊ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ በውኃ ምህንድስና ተመርቆ ነው የሄደው። የኪራዩን ነገር ኖሮበት ስለተማረው፣ የነገረኝን ለወላጆች ይጠቅማል በሚል አቀርበዋለሁ።

ከሁሉ በፊት የገንዘቡ ስሌት ነው። ለተማሪ ቪዛ ወላጅ የሚያስገባው ዝግ ሒሳብ፣ ልጆቹ ብሎክ አካውንት የሚሉት፣ በፈረንጆቹ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ካስገባ በኋላ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ልጁ ግን ከዚያ ሒሳብ በየወሩ ማውጣት የሚችለው 992 ዩሮ ብቻ ነው። ኪራይ፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ ሁሉም ከዚያ ይወጣል። በዚህ ላይ ለቤቱ መያዣ ይጠየቃል። ስለዚህ ለመያዣው የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ካልተዘጋጀ ልጁ ገና በመጀመሪያው ወር ዕዳ ውስጥ ይገባል።

መያዣውን በተመለከተ የጀርመን ሕግ ተከራዩን ይጠብቃል። አከራዩ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ በላይ መጠየቅ አይችልም፤ ባዶ ኪራይ ስል ማሞቂያና ሌላው ወጪ ያልተጨመረበትን ማለቴ ነው። ተከራዩ ይህንኑ መያዣ በሦስት እኩል ወርኃዊ ክፍያ ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው፤ የመጀመሪያው የሚከፈለውም ኪራዩ ሲጀምር ነው። በእኛም አገር በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። እዚህ ሦስት ወር ቅድሚያ ሲባል የምንቆጣ ሰዎች፣ እዚያ ላለ ላላየነው ሰው ሁሉንም ባንድ ጊዜ መላክ የለብንም።

ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ዋጋም ሁለት ዓይነት ነው። «ካልት» የሚባለው ባዶው ኪራይ ነው። «ቫርም» የሚባለው ማሞቂያ፣ ውኃ፣ ቆሻሻ ማንሻና የመሳሰለው ሲጨመርበት ነው፤ መብራትና ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህም ውጭ ናቸው። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ለሙቀት ገንዘብ ከፍሎ አያውቅም። እዚያ ግን ማሞቂያውን ቀንና ሌሊት ከፍቶ ከከረመ በዓመቱ ሒሳብ ሲተሳሰብ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣበታል። ወንድሜ ይህን ያወቀው አብሮት የሚኖረው ልጅ ወረቀቱ ሲመጣለት አይቶ ነው። በየቤቱ የሚከፈል የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮም አለ፤ በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ ቴሌቪዥን ባይኖርህም አይቀርም። ብዙዎቹ ቤቶች ዕቃ የላቸውም፤ ወጥ ቤቱ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ሳይኖረው ባዶ ግድግዳ ሆኖ የሚረከቡት ቤት አለ።

ወላጆች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ትልቁ ነገር ግን ምዝገባ ነው። ጀርመን ውስጥ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን በከተማው ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለበት። ለዚህም ያስጠለለው ሰው የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ሳይመዘገቡ የግብር ቁጥር አይመጣም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይም ይጓተታል። ወንድሜ እንደደረሰ የተቀበለው የአገራችን ሰው ነው። ደግ ሰው ነበር፣ አልጋውን ለቆ መሬት ላይ የተኛለት። ሆኖም እሱ ራሱ ሰው ለማስጠጋት ከአከራዩ ፈቃድ ስላልነበረው ማረጋገጫውን መፈረም ፈራ። ወንድሜ ለእንግድነቱ እያመሰገነው፣ ወረቀቱ ባለመኖሩ ግን እየተጨነቀ ሰነበተ። የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስሙ ስላልተለጠፈም ከባንክ የተላከለት ደብዳቤ ወደ ላኪው ተመለሰ። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የአፓርታማ ቁጥር አይጻፍም፤ ፖስተኛው የሚያየው በሩና ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ነው። ስለዚህ ዘመድ ጋ የሚያርፍ ልጅ ከመሄዱ በፊት «እዚያ መመዝገብ እችላለሁ ወይ?» ብሎ በግልጽ ይጠይቅ። ነውር የለበትም። ሳይኖሩበት ለመመዝገቢያ ብቻ አድራሻ የሚሸጡ ሰዎችም አሉ፤ ከእነርሱ መራቅ ነው። እንዲህ ያለ የሐሰት አድራሻ ለሌላ ሰው ማቅረብ እዚያ አቅራቢውን እስከ 50,000 ዩሮ ያስቀጣል።

ከቤቱ ከገቡ በኋላም ሌላ ትምህርት አለ። ወንድሜ ቁልፍ ሲረከብ ከአከራይዋ ጋር ክፍል በክፍል ዞረው የግድግዳውን ጭረት፣ የበሩን እጀታ፣ የቆጣሪውን ንባብ በጽሑፍ አስፍረው ሁለቱም ፈርመዋል። ይህን ወረቀት ሳያነቡ የሚፈርሙ ልጆች ሲለቁ ያላበላሹት ይቆረጥባቸዋል። በእርግጥ የሚያበላሹትም አለ። እናቴ ምጣድ ልካለት ነበር። በክረምቱ፣ መስኮት ዘግቶ እንጀራ ሲጋግር እንፋሎቱ በቀዝቃዛው መስኮትና በማዕዘኑ ግድግዳ ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል፤ ቆይቶ ያ ማዕዘን በጥቁር ሻጋታ ተያዘ። አከራይዋ አዛውንት ናቸው። ግድግዳውን አሳይተውት፣ በበረዶም ቢሆን በቀን ደጋግሞ መስኮቱን ወለል አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መክፈት እንዳለበት አስተማሩት። ከዚያ ወዲህ ሻጋታው አልተመለሰም። ቡና ሲቆላም የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ መስኮት ሥር ነው የሚቆላው። እንዲህ ያለውን ነገር እዚህ እያለን ብንነግራቸው ምን ይጎዳል?

ታዲያ ቤቱን በምን ያግኙት? ወንድሜ የሚመክረው የቅበላ ደብዳቤው እንደደረሰ ለተማሪ ማደሪያ ማመልከትን ነው። በትልልቆቹ ከተሞች ወረፋው ረጅም ስለሆነ አንድ ሳምንት መዘግየት እንኳ ዋጋ አለው። ማደሪያው ካልደረሰ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጊዜያዊ ማረፊያ ይዞ መግባት፣ ቤቱን ግን እዚያ ደርሶ በዓይን ማየት። ካልሆነም በከተማው ያለ የታመነ ሰው ሄዶ በሩን አስከፍቶ ይይለት። ደላላም ቢሆን በአከራዩ የተቀጠረ ከሆነ ክፍያውን ከተከራይ መጠየቅ አይችልም፤ ሕጉ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ ደላላውን ያዘዘ ሰው ይክፈል ይላል።

ስለ ፓስፖርት ቅጂም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ የእኔው ሙያ ነው። ሌባው ገንዘቡን ብቻ አይወስድም። የልጅቱን ፓስፖርት ይዞ ነገ ሌላውን ሲያታልል «የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» ብሎ የሚያሳየው ያንኑ ነው። ለመራዊዋ ልጅ የተላከላት ፓስፖርትም ከሌላ የተታለለ ሰው የተወሰደ እንደሚሆን እገምታለሁ። ስለዚህ አሁን ማንም ሰው ለቤት ኪራይ ብሎ ፓስፖርት ስካን ሲያስደርግ፣ በገጹ ላይ በአግድም «ለቤት ኪራይ ማመልከቻ ብቻ» የሚል ጽሑፍና ቀኑን አስገባበታለሁ። ደቂቃ አይፈጅም። የሥራ ባልደረቦቼም እንዲህ ቢያደርጉ እላለሁ።

ጥያቄዬ ለሁለት ወገን ነው። ዩኒቨርሲቲያችንና ወደ ውጭ ልጆችን የሚልኩ ወገኖች ስለ ቪዛና ስለ ትምህርት ክፍያ ገለጻ ሲሰጡ፣ ስለ ቤት ኪራይም አንድ ሰዓት ይመድቡ፤ ወላጆችም ይጠሩ፣ ምክንያቱም ገንዘቡን የሚልከው ወላጅ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ጀርመን ተምረው ለተመለሱ ሰዎች ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ናችሁ፤ በየትምህርት ክፍሉ አላችሁ። ከላይ የጻፍኩትን በአማርኛ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ክፍያ ኮፒ አድርጌ እሰጣለሁ። ሆኖም እኔ የማውቀው በወንድሜ ዓይን ያየሁትን ነው። በሌሎቹ ከተሞች ያለውን የምታውቁ ወደ ፔዳ ስትመጡ ጎራ በሉና የጎደለውን ሙሉበት።

ከአክብሮት ጋር
የኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከባሕር ዳር
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)